ቶንሲል ከወጣ በኋላ ያሉት ቀናት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ለወላጆች ስናስረዳ የዋልነው የልጅ ቶንሲል መቼ እንደሚወጣና ከወጣ በኋላ ምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ነው። ልጅ ስላንኮራፋ ብቻ ቶንሲሉ አይወጣም። የሚያሳስበው ተኝቶ ትንፋሹ ለሰከንዶች ቁርጥ ሲል፣ ደረቱ እየታገለ አየር ሳይገባ ሲቀርና በድንገት ሲባንን ነው። በስልክ ቀርጻችሁ ለሐኪሙ አሳዩት፤ በጣም ይረዳል።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ልጆችን ያሻሽላል፤ ትልቁ ስጋት ግን መድማት ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሊደማ ይችላል። ሁለተኛው አስጊ ጊዜ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን፣ ቁስሉ ላይ የጋገረው ነጭ ቅርፊት ሲረግፍ ነው። (ነጩ መግል አይደለም፤ አትንኩት።) ልጁ ተኝቶ ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከሆነ በባትሪ አብርታችሁ ጉሮሮውን እዩ፤ ደም እየዋጠ ሊሆን ይችላል። ደማቅ ቀይ ደም ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሕመሙ ካልታገሠለት አይጠጣም፤ ካልጠጣ ደግሞ ጉሮሮው ደርቆ ሕመሙ ይብሳል። ስለዚህ ፓራሲታሞል ሐኪሙ በኪሎው ልክ ባዘዘው መጠን፣ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ስጡት። ኮዴይን የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ግን ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ18 ዓመት በታች አይሰጥም፤ በአንዳንድ ልጆች ሰውነት ውስጥ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ተለውጦ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ከ3 ዓመት በታች የሆኑ ወይም ተኝተው ትንፋሻቸው ክፉኛ የሚቆራረጥ ልጆች ያን ሌሊት ሆስፒታል ያድሩ፤ ኦክስጅናቸው ይለካ። ውፍረት ያለበት ልጅ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የትንፋሽ መቆራረጡ ላይለቀው ስለሚችል የእንቅልፍ ምርመራው (ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ የሚለካበት) ይደገምለት።