ሦስት ሳምንት በተሳሳተ ኮከብ ላይ

ይህን የምጽፈው ከጅማ ሆኖ አልፋ ሴንታውሪን ለማየት የሚነሣ ሰው እኔ ያባከንኩትን ጊዜ እንዳያባክን ነው።

ባለ 70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ከአጎቴ ልጅ ተዋስኩ፤ ግቢያችን ውስጥ አቆምኩት፤ በጨረቃና በጁፒተር ተለማመድኩ። እዚህ ድረስ ምንም አልቸገረኝም። ዓላማዬ 4.37 የብርሃን ዓመት ብቻ የሚርቀውን ጎረቤታችንን ለሁለት ለይቼ ማየት ነበር። በዓይን ሲያዩት አንድ ኮከብ ነው፤ በእውነቱ ግን በ80 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ናቸው። ዣን ሪሾ የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1689 ህንድ ውስጥ ጅራታም ኮከብ ሲከታተል ጥንድነታቸውን አይቷል። በዚያን ዘመን መሣሪያ ከታየ በእኔም ይታያል አልኩ።

በጥር መጀመሪያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣሁ። ያነበብኩት መመሪያ «ከደቡብ መስቀል አጠገብ ያለው ደማቅ ኮከብ» ይላል። በመስቀል ቅርጽ የተሰበሰቡትን ኮከቦች አገኘሁ፤ ከአጠገቡ ደማቅ ኮከብ አለ፤ አነጣጠርኩ። አንድ ነው። በማግስቱም አንድ ነው። መነጽሩን ቀየርኩ፣ ወለወልኩ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ፤ ያው አንድ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብርዱ ያሸንፈኝና እተኛለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ለአጎቴ ልጅ ደውዬ «ቴሌስኮፕህ የተበላሸ ነው» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ንግግሬ ነው።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ በዚያው ሰዓት፣ ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ጫፍ በላይ ሌላ ኮከብ ወጥቶ አየሁ። እኔ ስመለከተው ከኖርኩት ይበልጥ ደማቅ ነው። ለካ የእኔው ሐዳር ኖሯል! ወደ 390 የብርሃን ዓመት የሚርቅ፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ ፈጽሞ የማይከፈል ኮከብ። ሐዳር ቀድሞ ይወጣል፤ አልፋ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ይከተለዋል፤ ያን ሁሉ ሌሊት ከዛፉ ጀርባ ነበር። የመመሪያው ጸሐፊ «ከሁለቱ ከመስቀሉ የራቀው» የሚል አንድ ሐረግ ቢጨምር ምን ነበረበት?

ስሙም አላገዘኝም። አንዱ አሮጌ ካርታ «ሪጂል ኬንታውሩስ»፣ ሌላው «ቶሊማን» ይለዋል፤ ሁለት የተለያዩ ኮከቦች መስለውኝ ነበር። አረብኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሼኽ ጎረቤቴን ጠየቅሁ። «ሪጅል እግር ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ኬንታውሩስ የሚባለው የግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ ፍጡር እግር ማለት ነው፤ ችግሩ ሐዳርም የዚያው ፍጡር ሌላው የፊት እግር ላይ መቀመጡ ነው። ቶሊማንን «ዙልማን፣ ሰጎኖች» ብለው ፈቱልኝ። ቀጥለውም የጥንት አረቦች ሐዳርና ወዝን ስለሚሏቸው ጥንድ ኮከቦች ነገሩኝ። አንዳቸው ብቅ ሲል አንዱ ሰው «ሱሃይል ነው» (ካኖፐስ የሚባለው ደማቅ ኮከብ) ብሎ ይምላል፣ ሌላው «አይደለም» ብሎ ይምላል፤ ስለዚህ «አስማዮቹ» ተባሉ። ከእኔ በፊት ስንቱ በዚህ ስም ተሳስቷል!

የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ሪጂል ኬንታውሩስን ለደማቁ፣ በ2018 ደግሞ ቶሊማንን ለሁለተኛው ብቻ ሰጥቷል። ከዚያ በፊት በታተመ ካርታ አትመሩ።

መመሪያዎች ሁሉ ከከተማ መብራት ራቁ ይላሉ። ለዚህ ኮከብ አትድከሙ፤ ወደ ጅሬን ኮረብታ በሌሊት መውጣት አያስፈልግም፤ ከግቢ ይታያል። የሚያስፈልገው ክፍት ደቡብ ነው፤ ከጅማ ሲታይ ቢበዛ 21 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ክንድን ዘርግቶ ሁለት ጭብጥ ያህል። በጥር አትቸኩሉ፤ በየካቲት አጋማሽ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቴሌስኮፑን ቀድማችሁ ውጭ አውጡት፣ ይቀዝቅዝ።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ፤ በ70 እጥፍ ማጉያ ተከፈለ። አየሩ ሲርገበገብ ይዋሃዳሉ፤ ጸጥ ሲል ደግሞ አንዱ ቢጫ ፍም፣ ጎኑ አነስ ያለ ብርቱካንማ ነጥብ። ለአጎቴ ልጅ ሳይነጋ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሼኹ ከሱብሂ ሲመለሱ ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ሁለት ታዩዎት?»

«ሁለት ናቸው» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሡ። «ሳልምል እመነኝ።»