ስሙ የተሸፈነ ፔፐር

የማስተርስ ተማሪ ፔፐር ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው አብስትራክቱን አይደለም፤ የኦተሮቹን ስም ነው። ቀጥሎ መጽሔቱን። ስሙ የፈረንጅ ከሆነና መጽሔቱም ትልቅ ኢምፓክት ፋክተር (ጽሑፎቹ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ መለኪያ) ካለው ነገሩ አለቀ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ የታተመ ፔፐር ቀርቦ በሚተችበት ጆርናል ክለባችን፣ ይቆምና «በጣም ስትሮንግ የሆነ ስተዲ ነው» ይላል፤ ውስንነቱንም ኦተሮቹ ራሳቸው ከጻፉት ሦስት መስመር ቀድቶ ይቀመጣል። ስሙ የአገር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሰውየውን ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም ነው ጥያቄው። ካላወቀው ይረግጠዋል፤ ካወቀው ዝም ይላል። በእኛ ዲፓርትመንት የማይታወቅ ሰው የለም።

ጆርናል ክለቡን ማስተባበር እኔ ላይ ሲወድቅ (ሎድ የማይያዝለት፣ ማለትም እንደ ሥራ ሰዓት የማይቆጠር ሥራ ጀማሪ ሌክቸረር ላይ ነው የሚወድቀው) አንድ ደንብ አወጣሁ። አቅራቢው ፔፐሩን ቀድሞ ለእኔ ይልካል። እኔ የኦተሮቹን ስም፣ ተቋማቸውንና የመጽሔቱን ስም ሸፍኜ ለሁሉም አሰራጫለሁ። ስሞቹ የሚገለጡት ውይይቱ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ስላይድ ላይ ነው።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ፒተርስ እና ሲሲ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት፣ ከታዋቂ ተቋማት ወጥተው የታተሙ 12 ጽሑፎችን ወስደው፣ የጸሐፊውንና የተቋሙን ስም ለውጠው፣ ለእነዚያው መጽሔቶች መልሰው ላኳቸው። ከዚህ ቀደም መታተማቸው የተነቃባቸው ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ዘጠኝ ስምንቱ ውድቅ ተደረጉ፤ አብዛኞቹም «የአሠራር ጉድለት አለባቸው» ተብለው። ይህን ለተማሪዎቹ ነገርኳቸውና «እንግዲህ ስም ሳታዩ ቅደዱት» አልኳቸው።

ቀደዱት። አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ «ይሄ ፒ ቫልዩ ከየት መጣ?» ማለት ጀመረች። አንዱ ስሙ የተከበረ መጽሔት ላይ የወጣን ፔፐር «የእኛ ግቢ ልጅ የሠራው ይመስላል» ብሎ አጣጥሎ፣ ስሙ ሲገለጥ አንገቱን ደፋ። ጥሩ ጊዜ ነበር።

ከዚያ ያቺ ዓርብ መጣች። አቅራቢው ከጤና ቢሮ ለትምህርት የመጣ ልጅ ነው። ለቴሲሱ ይሆነኛል ብሎ የመረጠው ፔፐር የትምህርት ቤት ልጆችን የአንጀት ጥገኛ ትላትል (አስካሪስ፣ ሁክዎርምና መሰሎቻቸውን) የሚመለከት ነበር። ፒዲኤፉን ስከፍተው ስድስተኛው ስም የፕሮፍ፣ የዲፓርትመንታችን አንጋፋ ፕሮፌሰር፣ ነው። እንደ ደንቡ ሸፈንኩት። ፕሮፍ ወደ ክለቡ ዝር ብለው ስለማያውቁ ብዙም አላሳሰበኝም።

ሐሙስ ማታ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ደወለ። የጥራት ኦዲት ሊመጣ ስለሆነ ሲኒየር ስታፍ በክለቡ ተገኝቶ አቴንዳንስ ላይ መፈረም አለበት ተባለ። ዊሊያም ኦስለር እ.ኤ.አ. በ1875 ማክጊል ላይ ጆርናል ክለብ ያቋቋመው ለብቻው የማይችላቸውን መጽሔቶች በጋራ ገዝቶ ለማንበብ ነበር፤ የእኛው ፎልደር ለመሙላት ነው። ለማንኛውም፣ ፔፐሩን ለማስቀየር ጊዜ ነበረኝ። አላስቀየርኩም። በዚያ ሰሞን አንድ የራሴ ማኑስክሪፕት ለኮመንት ተብሎ ፕሮፍ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ወራት አልፎት ነበር፤ ይህ ግን ከነገሩ ጋር ግንኙነት የለውም።

ፕሮፍ መጡ፣ ከኋላ ተቀመጡ፣ የተሸፈነውን ቅጂ ተቀበሉ። ልጁ ጀመረ። ክሮስ ሴክሽናል (በአንድ ወቅት ብቻ የሚለካ ጥናት)፣ የናሙና መጠን 422። ማንም ቅንድቡን አላነሳም። በዚህ አገር ማስተርስ የሠራ ሰው ሁሉ ፕሪቫለንሱን (የበሽታውን ስርጭት) 50 ፐርሰንት ብሎ፣ ከቀመሩ በወጣው 384 ላይ አሥር ፐርሰንት ጨምሮ፣ 422 ወይም 423 የሆነ ነገር ቆጥሯል።

ሜተድ ላይ፣ ሰገራ በግሊሰሪን ተዘጋጅቶ የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ የሚቆጠርበት ካቶ ካትዝ ላይ ሲደርስ፣ ፕሮፍ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ስላይዱ የተነበበው መቼ ነው?»

«ፕሮፍ፣ ካቶ ካትዙ እዚያው ትምህርት ቤት ተዘጋጅቶ፣ ወደ ላብራቶሪ ተወስዶ ነው ይላል።»

«መቼ ነው ያልኩህ።»

«በማግስቱ።»

ፕሮፍ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁክዎርም ምን ያህል አገኙ?»

«ጥቂት ነው ፕሮፍ።»

«ጥቂትማ ይሆናል! ግሊሰሪኑ ጨረሰዋ! የሁክዎርም እንቁላል ካቶ ስላይድ ላይ ከሠላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ካልተነበበ ይጠፋል። አስካሪስ ይቆይልሃል፣ ቢልሃርዝያ ይቆይልሃል። ሁክዎርም እስኪነጋ አይጠብቅህም። ታዲያ ይሄ ሰው “በአካባቢው ሁክዎርም አሳሳቢ አይደለም” ብሎ ሲደመድም ትንሽ አያፍርም?»

ክፍሉ ነቃ። ተማሪዎቹ መጻፍ ጀመሩ። ፕሮፍም ሞቃቸው። ከአንድ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ስላይድ ብቻ ተወሰደ፤ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ በ24 አባዝቶ በግራም ይህን ያህል እንቁላል አለ ማለት ምን ማለት ነው? እንቁላሉ እኮ ከቀን ቀን ይለያያል። አንድ በአንድ ሲፈተሽ፣ ባይቬሪየት ላይ፣ ፒ ቫልዩው ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ ሰብስቦ ሁሉንም አንድ ላይ በሚያየው መልቲቬሪየት ውስጥ መክተት ማንን ለማሳመን ነው? በመጨረሻም ባዶ እግር መሄድን ከሁክዎርም ጋር ያያያዘው ሠንጠረዥ ላይ ደረሱ፤ የግምቱ ክልል በጣም የሰፋ ነበር። «የለም ያልከውን ትል ደግሞ ሪስክ ፋክተር ታወጣለታለህ? ይሄ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ነው? ከዚህ እስከ ሞያሌ ነው እንጂ!»

ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ዓመት በዚያ ክፍል ከተሰማው ሁሉ የተሻለው ትችት እሱ ነበር። ፕሮፍ በወጣትነታቸው ማይክሮስኮፕ በበቅሎ አስጭነው ገጠር ይወርዱ ነበር ይባላል። ግሊሰሪንን ከመጽሐፍ ያነበበ ሰውና ጠፍቶበት ያየ ሰው አንድ አይደሉም።

ያልሳቀው አቅራቢው ብቻ ነው። ኦሪጅናሉ እሱ ጋር አለ። ፕሮፍ «እዚህ ላይ ስሙን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ዳታውን አይቶታል? ጽሑፉንስ አንብቦታል?» ሲሉ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ አቴንዳንሱን አየሁ።

«እንግዲህ ሰዓቱም ስለሄደ» አለ ልጁ፣ «እዚህ ላይ ላብቃ፤ አመሰግናለሁ።»

«ቆይ እንጂ!» አሉ ፕሮፍ። «ደንባችሁ መጨረሻ ላይ ስሙን ማሳየት ነው አላላችሁም? ይህን ጉድ የሠራውን እንየው።»

ልጁ እንደገና አየኝ። «አሳያቸው» አልኩት።

ስላይዱ ወጣ። ስም ዝርዝር ሲነበብ የሰው ፊት ላይ ይታያል፤ ማን ሦስተኛው ላይ እንደደረሰ፣ ማን ስድስተኛው ላይ እንደቆመ ከፊት ሆኜ ሳየው ነበር። ፕሮፍ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። አነበቡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«ለዚህ ነው ሪቪወሮች ሥራቸውን መሥራት አለባቸው የምንለው» አሉ።

ማንም አልተነፈሰም። ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፦ «እኔ ያየሁት ቨርዥን ይሄ አልነበረም።»

ያቺ አፏን የማትከፍት የነበረችው ልጅ እጇን አወጣች። ተንኮል ይሁን የዋህነት እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። «ፕሮፍ፣ በእርስዎ ቨርዥን ስላይዱ መቼ ነበር የተነበበው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ ፕሮፍ፤ ሰዓታቸውን አዩና ተነሡ። አቴንዳንሱን ሳይፈርሙ ሄዱ። ማምሻውን ቢሯቸው ድረስ ይዤው ሄጄ ነው ያስፈረምኩት፤ ፈረሙ፣ «ደህና ዋላችሁ» አሉኝ፣ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

በሚቀጥለው የዲፓርትመንት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ «ለግልጽነት ሲባል በጆርናል ክለብ የሚቀርቡ ጽሑፎች የኦተር ስም እንዳይሸፈን» የሚል ነጥብ ተያዘ። ሐሳቡን ያቀረበው ኃላፊው ነው፤ ፕሮፍ በዚያ ነጥብ ላይ አልተናገሩም። የእኔ ማኑስክሪፕት ግን በዚያው ሰሞን ተመለሰ፤ ገጹ ሁሉ በቀይ ተሞልቶ። ኮመንቶቹን ውድቅ ላደርጋቸው ሁለት ቀን ታገልኩ። ሁሉም ትክክል ነበሩ። ከዓርቡ ነገር ይልቅ ያናደደኝ እሱ ነው።

ክለቡ አሁን ስሞቹን አሳይቶ ይካሄዳል። «በጣም ስትሮንግ የሆነ ስተዲ ነው» ተመልሷል። ኦዲቱ አለፈ፤ ፎልደሩ ሙሉ ነው።

ልጁ ቴሲሱን ሲሠራ ማይክሮስኮፑን ትምህርት ቤቱ ድረስ ወሰደ። ከእያንዳንዱ ናሙና ሁለት ሁለት ስላይድ ሠርቶ፣ ሁክዎርሙን በግማሽ ሰዓት ውስጥ እዚያው አነበበ። አገኘውም። ለማሳተም ሲዘጋጅ «ፕሮፍን ኦተር ላድርጋቸው ወይ?» ብሎ መጣ። አብረን የአይሲኤምጄኢን (የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴን) አራት የኦተርነት መስፈርቶች ዘረጋን። ለጥናቱ ንድፍ አስተዋጽኦ ማድረግ? የልጁን ንድፍ የቀየረው የእሳቸው ቃል ነው፤ ግን የተናገሩት በሌላ ፔፐር ላይ፣ ያውም በራሳቸው ፔፐር ላይ ነው። ይህን የሚያስተናግድ ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም። ጽሑፉን መከለስ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ኃላፊነት መውሰድ፦ እነዚህ ገና ናቸው። «እንግዲያውስ ላክላቸውና ያንብቡት፤ ኮመንት ከሰጡ ይገባቸዋል» አልኩት።

ሙሉውን ድራፍት ከነሠንጠረዡ ላከላቸው። ቡናችንን ጠጥተን ሳንጨርስ መልሱ ስልኩ ላይ ገባ፦ «አይቼዋለሁ። በጣም ጥሩ ነው። ሰብሚት አድርጉት።»