«እሱ እኮ ጨዋ ነው»

መምህራን ለድጋፍ ቡድን ልጅ ምረጡ ሲባሉ ረባሹን ይልካሉ። ጥግ ይዞ ዝም የሚለው «እሱ እኮ ጨዋ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለተጨነቁ ታዳጊዎች የሚሰጠው የቡድን ድጋፍ ግን በዋናነት ለዚህ ዝምተኛ ነው የተሠራው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ኢዝ» (EASE) የሚባለው የቡድን ድጋፍ ለምሳሌ ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን፣ ልጆቹ 7 ጊዜ፣ አሳዳጊዎቻቸው 3 ጊዜ ይሰበሰባሉ። ቡድኑን የሚመራው አመቻች የግድ ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ ሠልጥኖ ባለሙያ በየጊዜው የሚከታተለው መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይበቃል። ዮርዳኖስ ውስጥ በሶርያ ስደተኛ ልጆች ተፈትኖ እንደ ሐዘንና ስጋት ያሉ ወደ ውስጥ የሚያዙ የስሜት ምልክቶችን ቀንሷል።

ሰሜን ሸዋ ላይ ዕድሜውን አስሉት። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ሰባት ስምንት ዓመት የነበራቸው ልጆች ዛሬ እዚህ ዕድሜ ላይ ናቸው። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉትም ልጆች አሏቸው። እነዚህ ልጆች «ተጨነቅሁ» አይሉም፤ «ሆዴን ቆረጠኝ»፣ «ራሴን ይፈልጠኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉት። ስለዚህ መምህሩን «ማን ጨዋታ ተወ? ሆዴን እያለ ማን ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደብተር ወይም ብር ይሰጣል የሚል ወሬ ከወጣ ምልመላው ይበላሻል፤ ሻይና ዳቦ ይበቃል።

ከዚያ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው «መሞት ያሰኝሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ግድ ነው። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣም። አዎ ያለ ልጅ የቡድኑን ቀን አይጠብቅም፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ዕለት ከአሳዳጊው ጋር ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ስምንት ዘጠኝ ልጆች፣ ሁለት አመቻች፣ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ። ሰው በመስኮት የሚያይበት ክፍል አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት «የደረሰባችሁን ንገሩን» ብሎ መጀመር ነው። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው የራሱን ያስታውሳል፣ ክፍሉ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ቡድኑ የክህሎት ልምምድ ነው፦ ትንፋሽ፣ የተዉትን ነገር መልሶ መጀመር፣ ችግር መፍታት። ልጁ ራሱ ከጀመረ «ከባድ ነው፤ ስንጨርስ ሁለታችን እናወራለን» ብሎ መቀበል፣ ቃሉንም መጠበቅ።

የሚያረጋጋው የትንፋሽ ልምምድ ቀላል ይመስላል። «በኃይል ተንፍሱ» ከተባለ ግን ልጆቹ ትከሻቸውን ሰቅለው ደረታቸውን ይነፋሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይስባሉ፣ ራሳቸው ይዞራል፣ ከዚያ «ባሰብኝ» ብለው ይተዉታል። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንዱ ሆድ ላይ ይሁን፤ መነሳት ያለበት የሆዱ እጅ ነው። ለሦስት ቆጥሮ መሳብ፣ ለሦስት ቆጥሮ ማስወጣት። በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢና ጃኬት ተደራርቦ እጁ መነሳቱ አይታይም፤ እጅ ከጃኬቱ ሥር ይግባ። ልምምዱ ልጁ ደህና በሆነበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ማታ ከመተኛቱ በፊት ይሁን። ልብ እየመታ ሳለ አዲስ ነገር አይለመድም።

ልጆቹ የተዉትን ነገር መልሶ ማስጀመር ላይ ደግሞ አመቻቾች ይቸኩላሉ። ጓደኞቿን የራቀች ልጅ «ከነገ ጀምሮ ሂጂና ተጫወቺ» አትባልም። በመጀመሪያው ሳምንት ጓደኛዋ ቤት ለሩብ ሰዓት ተቀምጦ መመለስ፤ በሚቀጥለው ፀጉር መሠራራት። ቀኑና ሰዓቱ ይወሰናል። ካልሆነላት እርምጃው በዝቶ ነው፣ ይቀነስላታል። «ለምን አልሠራሽም» የተባለች ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም።

ችግር መፍታት ላይ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የጠፋ አባትን ልጁ አያመጣውም፤ በምሽት ውሻ የሚያስፈራውን መንገድ ግን ከማን ጋር እንደሚያልፈው መምረጥ ይችላል።

አሳዳጊዎቹ በእኔ ግምት ከሁሉም ይከብዳሉ። ጥሪው ላይ «የአእምሮ» የሚል ቃል ካለ «ልጄ አበደ እንዴ?» ይላሉ፣ ወይም ጸበል ብቻ ይበቃል ብለው ይቀራሉ። ጸበሉን አትንኩ፣ ጎን ለጎን ይሄዳል። ትምህርቱ ሲደርስ ስለ ዱላ ከመጀመር ስለ ራሳቸው ድካም መጀመር ይሻላል፤ ያልተኛች እናት ልጅን ስለ ማመስገን ሲነገራት አትሰማም። ቀኑን ስትመርጡ የገበያ ቀንና የኅዳር አጨዳን ተዉ። ሞፈር በማይነካበት የሚካኤል ወይም የማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባቶችም ሳይቀሩ ይገኛሉ፤ ማኅበር ያለበት ቤት ካለ ግን ማኅበሩ ከመጀመሩ በፊት መጨረስ ነው።