ለካ አምስቷ ቁጥር ናት

መኪናዬን በአጭር ሞላ ዝቅ ካደረግኳት ወዲህ ዓይኔ ቸርኬ ላይ ነው። ዛሬ 17 ኢንች ገጠምኩላት። ቆማ ስትታይ፣ ወይ ማማር! ሦስት ሰው ጭኜ መሪ ስጠመዝዝ ግን "ክርርር" አለች። ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀው ነው።

ወርጄ የጎማውን ቁጥር አነበብኩ። 225/50 ይላል። ሂሳቡን የሠራሁት ግን በ225/45 ነበር። የድሮው 195/65 በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ቁመቱ 634 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 225/45 በ17ም ያው ነው። 225/50 ግን 657 ይደርሳል። አምስቷ ቁጥር ቀላል መስላኝ! የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው እኮ የጎማው ጎን ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው የሚናገረው። የፍጥነት መለኪያውም ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

ኦፍሴቱስ? ማለትም ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት? የድሮው 45 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ 35። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል፤ የኔው 10 ሚሊ ሜትር ወጥቷል። በዚያ ላይ ጎማው ራሱ ሰፍቷል። ጓደኛዬ "ፓራፋንጎውን እንጠፈው" ቢለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ነገ ጎማውን በ225/45 አስቀይራለሁ። ቸርኬውን ግን... ማማሩን አይቼ ልመልሰው ልቤ እምቢ ብሏል።