የሂሊዋ ማርሚታ

የምሠራበት ጋራዥ እንግሊዝ አገር ነው፤ የሚጠግነው የድሮ መኪና ብቻ ነው። አንድ ቀን ኦስቲን ሂሊ 3000 የምትባል ቀይ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እያንባረቀች ገባች። ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ተገንጥሎ በሽቦ ታስሯል። በቅርቡ አዲስ የገጠመላት የኛው ልጅ ነበር። ባለቤቱ ገና ሳይወርድ «ብሎኑን አላጠበቀውም፤ ገንዘቤን መልሱ!» ማለት ጀመረ። ልጁን ላብ አጠመቀው። አለቃችን ግን ደንበኛ ፊት ሠራተኛ አያሸማቅቅም፤ ይሄን እወድለታለሁ። «እስቲ መጀመሪያ እንያት» ብሎ ሊፍት ላይ አስወጣት።

ብሎኖቹ እንደጠበቁ ናቸው። የማርሚታው የፊት ጠርዝ ግን ወደ ኋላ ታጥፏል። እጥፋቱ ላይ ነጭ ቀለም ተለቅልቋል። የመንገድ ቀለም! ሰውየው ሰፈር ያሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ የተቀባው ዓይነት።

አለቃችን ምንም አልገረመውም። የሂሊ 3000 አመል ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2912 ሲሲ ሞተር ተሸክማ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። እንዲህም ሆና ራሊ (የረጅም መንገድ የመኪና ውድድር) ላይ ጉድ ሠርታለች። በ1960 ፓት ሞስና አን ዊዝደም ሊዬዥ–ሮም–ሊዬዥን በእሷ አሸነፉ። ከሴቶች አንደኛ ማለቴ አይደለም፤ ወንዱንም ሁሉ ቀድመው ነው። በ1964 ደግሞ ራውኖ አልቶነንና ቶኒ አምብሮዝ ስፓ–ሶፊያ–ሊዬዥን ወሰዱ።

እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ የነበሩት የፋብሪካው የራሊ መካኒኮች ከዚሁ ጣጣ ጋር ነው የታገሉት። ጠንካራ ባሌስትራ (ክብደቷን የሚሸከም የብረት ስፕሪንግ) አስገቡ። በኋላም ማርሚታውን ከሆዷ ሥር አንስተው በጎን አስወጡት። ፋብሪካውም በ1964 ለገበያ የሚያወጣትን መኪና ሻንሲ (አጽሟን) አሻሽሎ ከኋላ ከፍ አደረጋት።

የደንበኛችን መኪና ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ባሌስትራዋም በእርጅና ተኝቷል። ሻንጣና ሰው ሲጨመርባት አስቡት።

ሰውየው ባሌስትራውን አስቀየረ። በጎን የሚወጣውን ማርሚታም አምሮት ነበር፤ ጩኸቱን ስንነግረው «ጎረቤቶቼ ያባርሩኛል» ብሎ ተወው። አሁን አለቃችን የሂሊ ማርሚታ ከመገጠሙ በፊት ሁለት ሰው አስቀምጦ ከመሬት ያላትን ርቀት ያስለካል። ወፍራም ስለሆንኩ ሁሌ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ሰውየው ልጁን ይቅርታ አልጠየቀውም። ሒሳቡን ሲከፍል ግን «ለሻይ» ብሎ ሃያ ፓውንድ አቀበለው።