ላሙ ላይ ቁራሌው ጀልባ ይሠራል

ናይሮቢ ስደርስ መጀመሪያ የተወሰደብኝ ፌስታሌ ነው። እናቴ ለጓደኛዋ ልጅ የላከችውን በርበሬና ሽሮ በሁለት ጣሳ አሽጋ፣ ከላይ በጥቁር ፌስታል ደራርባ ቋጥራልኝ ነበር። ኤርፖርቱ በር ላይ የቆመው ልጅ አየኝና ፈገግ አለ። «ዳዳ፣ ዕቃሽን ያዢ፣ እሱን ግን እዚሁ ትተሽው ግቢ» አለኝ። ዳዳ ማለት እህቴ ማለት ነው። ፌስታሉን ፈታሁት፣ ጣሳዎቹን አቅፌ ገባሁ።

ኬንያ ፌስታልን ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከልክላለች (ሌላ ካላልኩ በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው)። መከልከል ስል ማስጠንቀቂያ ለጥፎ መተው አይደለም። ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት እስር ወይም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ይደርሳል። ሕጉን ከመሄዴ በፊት አንብቤዋለሁ፣ ግን እጄ ላይ የተንጠለጠለውን ነገር እንደ ፌስታል አላየሁትም። የእናቴ ጭነት ነው ብዬ ነው ያየሁት። ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው ነገር ዓይናችን ላይ አይታይም።

ጣሳዎቹን ለእናቴ ጓደኛ ልጅ አስረክቤ በማግስቱ በትንሽ አውሮፕላን የኬንያ ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለችው ላሙ ደሴት በረርኩ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ላሙ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ባለችው ማንዳ ደሴት ነው። ሻንጣህን በጋሪ ገፍተውልህ እስከ ባሕሩ ትሄዳለህ፣ ከዚያ በጀልባ ትሻገራለህ። አዲስ አበባን በሐምሌ ዝናብ፣ ቦዩ ሁሉ በሃይላንድ ጠርሙስ ተደፍኖ ትቼው ነው የመጣሁት፤ እዚህ ደግሞ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ንፋስ ሸራውን ወጥሮ ይነፍሳል።

ላሙ ከተማ በ2001 ዩኔስኮ የመዘገባት አሮጌ የስዋሂሊ ከተማ ናት። ቤቱ ከኮራል ድንጋይ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ ሦስተኛው ግድግዳ ይታከካል። መኪና የለም ማለት ይቻላል፣ ሲሚንቶውንም ዱቄቱንም የሚሸከመው አህያ ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ጠዋት አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

ግን ያን ጠዋት ያየሁት አህያ ሥራ ላይ አልነበረም። ቆሻሻ የተጣለበት ቦታ ላይ ቆሞ የሆነ ነገር ያኝካል። ጠጋ ብዬ ሳይ የማዳበሪያ ዓይነት ጆንያ ነው። ግማሹ አፉ ውስጥ ገብቷል፣ ግማሹ እየተንጠለጠለ ከአንገቱ ጋር ይወዛወዛል። አብሮኝ የነበረው አስጎብኚ ወጣት ሮጦ ሄዶ ጎተተው። አህያው አለቅም አለ፣ ልጁም አለቅም አለ፣ በመጨረሻ ጆንያው ተቀደደና የቀረውን አህያው ዋጠው። ልጁ እጁን እያራገፈ «አንጀቱ ውስጥ ይጠጥራል» አለኝ። ላሙ ውስጥ ከ1987 ጀምሮ አህዮችን የሚያክም ድርጅት አለ። አሁን ከሚያስጨንቃቸው ነገር አንዱ ይሄው በሆድ የሚቋጠረው ፕላስቲክ ነው።

እኔ ግን ትዝ ያለኝ ሰፈራችን ነው። አንድ ፋሲካ ለቅርጫ የታረደው በሬ ጨጓራው ሲከፈት አራጁ ዝም አለ። ከዚያ እጁን አስገብቶ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ የጠነከረ ነገር አወጣ፣ ፌስታል ነው። ሰማያዊውም ጥቁሩም አንድ ላይ ተጣብቋል። አባቶች ተያዩ፣ ከዚያ ሥጋው ተመደበ፣ ተበላም። ማንም ደግሞ አላነሳውም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሼላ ወደምትባል መንደር ሄድኩ። ከላሙ ከተማ በእግር አርባ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ አሸዋ አለ፣ በስተጀርባው ነጭ የአሸዋ ኮረብታ። የባሕር ኤሊዎች ለእንቁላል የሚወጡት እዚህ ነው። በስዋሂሊ ካሳ ይሏቸዋል። እዚህ አገር ካሳ ይበላ ነበር፣ እንቁላሉም ይቆፈር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የላሙ የባሕር ጥበቃ ማኅበር ሲጀመር ያመጣው ነገር ቀላል ነው። ጎጆ አይቶ የነገረ ዓሣ አጥማጅ ገንዘብ ይከፈለዋል። ጎጆው ደህና ሆኖ ከተፈለፈለ ይጨመርለታል። ስለዚህ ዱካውን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ ማለትም ድሮ የሚበላው ሰው፣ ጠባቂ ሆነ።

እኔ የደረስኩት አንድ ጎጆ ከተፈለፈለ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጠባቂው ተንበርክኮ በእጁ ይቆፍራል፣ አካፋ አይነካም። እስከ ክርኑ ሲገባ የእንቁላል ቅርፊት ማውጣት ጀመረ። ቅርፊቱ እንደ ዶሮ እንቁላል አይሰበርም፣ እንደ እርጥብ ወረቀት ይታጠፋል። አሥር አሥር እያደረገ አሸዋው ላይ ደረደረው። በየአሥሩ መሃል ሌላ ነገርም ይወጣል። የጠርሙስ ክዳን፣ የመረብ ክር፣ ስሙ የጠፋ የሰማያዊ ፕላስቲክ ስባሪ። እሱንም ለብቻ ይደረድረዋል። ቅርፊቱ መቶ አሥር ሲደርስ ከሥር አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ነካና እጁን ቀስ አድርጎ መለሰ። መዳፍ የማይሞላ ጥቁር ኤሊ ነው። ወንድሞቹ ሲወጡ የመረብ ክር እግሩን ይዞት ቀርቷል።

ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ባሕር ውስጥ ወስዶ ይጨምረዋል ብዬ ስጠብቅ አሸዋው ላይ አስቀመጠው። «ራሱ መሄድ አለበት» አለ። ሄደ፣ ቆመ፣ ሄደ። መንገዱ ላይ አንድ የተጣለ ነጠላ ጫማ ነበር፣ የልጅ ነው፣ ግራው ብቻ። ኤሊው እዚያ ሲደርስ ዞር ማለት አላወቀበትም፣ ሊወጣው ይታገላል። ጠባቂው ጫማውን አነሳና ኪሱ ከተተው። ያ ኤሊ ሴት ከሆነችና ከተረፈች ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ ለእንቁላል ወደዚሁ የባሕር ዳርቻ ነው የምትመለሰው። እስከዚያ ግን ባሕር ውስጥ የሚንሳፈፍ ፌስታል ሁሉ ለእሷ ጄሊፊሽ ይመስላታል፣ ጄሊፊሽ ደግሞ ምግቧ ነው።

የነጠላ ጫማውን ነገር አታቅልሉት። ሰው የማይኖርባት ማለት የሚቻል አልዳብራ የምትባል ደሴት አለች፣ የሲሼልስ ናት፣ ከዚህ ደቡብ። በ2019 ሰዎች ሄደው ለሳምንታት ሲለቅሙ 25 ቶን ቆሻሻ አወጡ። ገና እዚያ የቀረውን ወደ 500 ቶን ገመቱት፣ ከእሱ ውስጥ ነጠላ ጫማው ብቻ 360,000 ያህል ነው። አንድም ሰው እዚያ ጫማ አልጣለም። ባሕሩ ነው ያመጣው። ሼላ ላይም እኔ የማላነበው ፊደል የተጻፈባቸው ጠርሙሶች አንስቻለሁ።

ላሙዎች በዚህ ነገር ጀልባ ሠሩ። ብዙ ሰው ሰምቶት ይሆናል፣ ፍሊፕፍሎፒ ይባላል። ሐሳቡን ያመጣው ቤን ሞሪሰን ነው፣ ሥራውን የመራው አሊ ስካንዳ የሚባል የላሙ ጀልባ ሠሪ። ወደ 10 ቶን ፕላስቲክ ተለቅሞ፣ ቀልጦ፣ ጣውላና ምሰሶ ሆነ፤ አካሉ ላይ 30,000 ነጠላ ጫማ ተለበጠበት። በጥር 2019 ከላሙ ዛንዚባር 500 ኪሎ ሜትር በሸራ ሄደ። ፎቶውን አይቼ ለማስታወቂያ የተሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። ቦታው ሄጄ ሲሠሩ ካየሁ በኋላ ግን እንደዚያ አላስብም።

አንድ ሽማግሌ ፉንዲ ከፕላስቲክ የወጣ ግንድ ሲጠርቡ ደረስኩ። ፉንዲ ማለት ባለሙያ ነው። ለሽማግሌ እንደሚባለው «ሺካሞ» ብዬ ሰላም አልኳቸው፣ «ማራሃባ» አሉኝና መሣሪያቸውን አስቀመጡ። እንጨት ይሻላል ወይስ ይሄ ብዬ ጠየቅኳቸው። ያለ ማመንታት «እንጨት» አሉ። ፕላስቲኩ ሙቀት ሲበዛበት ይለጠጣል፣ ምስማር በእንጨት እንደሚይዘው አይይዘውም፣ ይከብዳልም። «ግን ጥሩ እንጨት አልቋል፣ ይሄ ደግሞ አያልቅም» አሉኝ። ከዚያ ማየት የነበረብኝን አሳዩኝ። የጠረቡት ፍቅፋቂ ሁሉ ሸራ ላይ ነው የሚወድቀው። የእንጨት ፍቅፋቂ ንፋስ ቢወስደው ግድ የለም፣ ይበሰብሳል። ይሄ አንዱ ባሕር ከገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ንፋስ ሲነሳ ሥራ ያቆማሉ፣ ሸራውን በአራቱም ጫፍ ሰብስበው ወደ ማቅለጫው ይመልሱታል። ቅንድባቸው ላይ የቀረችውን ቀይ ፍቅፋቂ እንኳ በጣታቸው አንስተው ሸራው ላይ ጣሏት።

ፕላስቲኩን የሚያመጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በኪሎ ይመዘንላቸዋል፣ ይከፈላቸዋል። እኛ ጋ ይሄ አዲስ አይደለም። ቁራሌው እየተባለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ልጅ ምን እንደሚሸጥ፣ ምን እንደማይሸጥ ከማንኛውም ባለሥልጣን በላይ ያውቃል። ቢጫ ጀሪካን ሜዳ ላይ ተጥሎ አያድርም፣ ዋጋ አለው። ላሙም እንዲሁ ነው። አንዲት ማማ ጆንያዋን ዘርግፋ አሳየችኝ። ጀሪካኑን፣ የሻምፑ ዕቃውን፣ ክዳኑን ለየች። ከዚያ ወደ ጎን የቀረውን ክምር በእግሯ ነካችው። የብስኩት መጠቅለያ፣ የሻይ ከረጢት፣ ስስ ላስቲክ። «ይሄን ማን ይገዛኛል?» አለች።

ይህቺ ጥያቄ ለእኔ ከጀልባው ትበልጣለች። ጀልባው እውነት ነው፣ ቆንጆም ነው። ግን ስሱን ላስቲክ ጀልባ አታደርገውም፣ ማንም አይገዛውም፣ አህያውም ኤሊውም የሚውጠው እሱን ነው። ለእሱ ያለው መድኃኒት ናይሮቢ በር ላይ ያገኘሁት ልጅ ነው፤ ከመጀመሪያው እንዳይኖር ማድረግ። ሁለቱንም ሳይ ይሄ ሐሳቤ ይለወጣል ብዬ ነበር፣ አልተለወጠም። ያረፍኩበት ቤት በየቀኑ ሁለት የታሸገ ውሃ አልጋዬ አጠገብ ያስቀምጥልኝ ነበር፣ ሁለተኛው ቀን ላይ በትልቁ ጀሪካን አድርጉልኝ ስላቸው ወዲያው አደረጉት። መጠየቅ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ከመሄዴ በፊት ባለው ቀን ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር በጀልባ ወጣሁ። በሩቁ የአዲሱ ወደብ ክሬኖች ይታያሉ። ያ ወደብ ስሙ ውስጥ እኛም አለንበት፤ ላፕሴት ማለት የላሙ ወደብ፣ ደቡብ ሱዳንና ኢትዮጵያ የትራንስፖርት መስመር ማለት ነው። በመጋቢት 2012 መሠረቱ ሲጣል አቶ መለስ ከኬንያው ኪባኪና ከደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ጋር እዚህ ቆመው ነበር። የመጀመሪያው መርከብ በ2021 ገባ። ለወደቡ ሲባል የባሕሩ ወለል ተቆፈረ፣ ማንግሮቭ የሚባለው ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ተቆረጠ። ከኬንያ ማንግሮቭ ከግማሽ የሚበልጠው ያለው ላሙ ነው፣ ዓሣ የሚራባው ሥሩ ውስጥ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ተከሰው አይደለም፣ ከሰው ነው ፍርድ ቤት የቀረቡት፤ በ2018 የማሊንዲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለ4,600 ያህል ሰዎች ወደ 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ፈረደላቸው።

ሰውየው ከየት እንደመጣሁ ሲያውቁ ክሬኖቹን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ቁጣ የለባቸውም። «የእናንተ ዕቃ በዚህ ያልፋል ይላሉ» አሉኝ። እንደዚያ ይባላል አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው «እናንተ ባሕር የላችሁም አይደል?» አሉ። የለንም። «ታዲያ ልጄ፣ ቆሻሻችሁ የት ይሄዳል?»

መልሱን እየተናገርኩ ነው የገባኝ። አቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ሁሉ ይዞ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የጣልነው ሁሉ ቆቃ ላይ፣ እርሻ ላይ፣ ከብቱ ሆድ ውስጥ እዚያው ይቀራል። ሌላ አገር ዳርቻ ላይ እንኳ አይገኝም። ይሄንን በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጄ ነገርኳቸው። ሰውየው መቅዘፊያውን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ «ፖሌ» አሉኝ። ፖሌ ስዋሂሊዎች ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚሉት ነው።

ላሙ ገበያ አንድ ኪካፑ ገዛሁ፣ ከዘንባባ የተሠራ መያዣ። እናቴ ስትቀበለኝ አገላብጣ አየችውና «ይሄማ ዘንቢል ነው» አለች። ቅዳሜ ይዛው ሾላ ገበያ ሄደች። ስትመለስ ውስጡ ሦስት ፌስታል ነበር፤ ሽንኩርቱ ለብቻ፣ ቲማቲሙ ለብቻ፣ ቃሪያው ለብቻ። በ2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በምክር ቤት ጸድቋል። ሻጯ ግን እጇ ለምዷል፣ እናቴም ዝም ብላ ተቀብላለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። ሻጯ ሁለት ኪሎ መዝና ፌስታሏን በምራቅ ከፍታ ስትነፋ እናቴ የዘንቢሉን አፍ ከፍታ ያዘችላት። ልጅቷ ፌስታሉን እንደያዘች ቆመች። «ኧረ እማማ፣ ይቆሽሽቦታል» አለች። እናቴ «ሽንኩርት አይደል እንዴ፣ ግቢ ውስጥ አጥበዋለሁ» አለቻት። ልጅቷ ሳቀችና ሽንኩርቱን ከሚዛኑ ላይ ዘርግፋ ገለበጠችው።