"ዳይት" የሚለውን ቃል ከቤት ሳወጣ ነው ስኳሬ የወረደው

አምና ቼክ አፕ ሳደርግ በባዶ ሆዴ ስኳሬ 118 መጣ፣ ዶክተሯም "ገና ስኳር በሽታ አልሆነም ግን በሩ ላይ ነህ፣ እንጀራ ቀንስ" አለችኝ። ቀንስ ማለት ቀላል ነው፣ እኛ ቤት አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፣ ማን ምን ያህል እንደበላ በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ የተሳሳትኩት የራሴን ሳህን ይዤ መቅረቤ ላይ ነው። እማዬ አይታኝ "ማን አስቀየመህ?" አለች። እውነቷን ነው፣ እኛ ጋ ለብቻው የሚበላ ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል። ዳይት ላይ ነኝ ስላት ደግሞ ወጥሽ አይጥምም ያልኳት ያህል ከፋት፣ በሞቴ እያለች ስታጎርሰኝ ከበፊቱም የባሰ በላሁ፣ በአንድ ጉርሻ እንዳላመልጥ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላላ!

ሁዳዴ ሲገባ ግን ነገሩ ገባኝ። አልበላም ማለት ነውር የሆነበት ቤት እየጾምኩ ነው ማለት ያስከብራል። ከቅዳሜና እሁድ በቀር እስከ 9 ሰዓት ስውል ማንም ትንፍሽ አላለም፣ እንደውም እማዬ ለጎረቤት ትኮራብኝ ነበር (ትንሽ አፍሬያለሁ፣ ግማሹ ጾም ለነፍሴ አልነበረም)። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይሞክረው። ደግሞ ጾም ብቻውን አያከሳም፣ እኔ በ9 ሰዓት ዘይት የጠጣ ሽሮ በሦስት እንጀራ፣ ማታ ፓስታ እየደገምኩ በሁለት ሳምንት ኪሎ ጨመርኩ። ከዛ በኋላ ነው ጎመኑ ፊት ለፊት መቀመጥ የጀመርኩት።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን አጉራሽ መሆን ነው። እጄ ትሪው ላይ እስካለ ድረስ አፌን የሚያይ የለም፣ ለእህቴ ልጅ በትልቁ እየጠቀለልኩ አጎርሰዋለሁ፣ እሱ ይወፍራል እኔ እቀንሳለሁ።

ቡናው ላይ በጣም ተቸግሬ ነበር፣ አቦል ቶና በረካ እያልን ሁለት ሁለት ማንኪያ፣ በአንዴ ስድስት ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። እዚህም ዳይት አላልኩም፣ "አያቴ በጨው አልነበር እንዴ የምትጠጣው?" አልኳት። እማዬ ሳቀችና ስለ እናቷ ጀበና ግማሽ ሰዓት አወራችልኝ፣ ከዛ ቆንጠር አድርጋ ጨው ጣል አደረገችልኝ። የመጀመሪያው ሲኒ አይዋጥም ነበር፣ ሳምንት ሳይሞላ ለመድኩት።

ከፋሲካ በኋላ ስለካ 102 ሆነ፣ ዶሮ ወጡን ሳልተው። አሁን ያለብኝ ችግር እማዬ ራሷ ቡናዋን በጨው ማድረጓ ነው፣ ግፊት አለባት እኮ፣ ምን ብዬ እንደማስተዋት እያሰብኩ ነው።